18 ኩንቲሊዮን ፕላኔትና የኢሉባቦር አንዲት የቡና ዛፍ

74110 የስልክ ቁጥር አይደለም። ለንደን ወይም ሴኡል ውስጥ ውድ ቡና ወደሚሸጥበት ቤት የገባ ሰው፣ ከረጢቱ ላይ «ኢትዮጵያ» ከሚለው ቃል ሥር ይህን ቁጥር ወይም ወንድሙን 74112ን ሊያገኝ ይችላል። የቡና ዝርያ ስም ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች እናት ዛፏ የተመረጠችበትን ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1974ን፣ ያመለክታሉ፤ የቀሩት ሦስቱ የመዝገብ ቁጥሯ ናቸው። ዛፏ የተገኘችው ኢሉባቦር ውስጥ፣ መቱ አካባቢ፣ ቢሻሪ ከሚባል ቦታ ነው። ከያዮ ደን ጋር አንድ ዝናብ የሚጠጣ አገር ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቡና ለሚያውቅ ሰው ዘር ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ትንሽ ፍሬ ናት፤ ግን የዛፉ ቁመት፣ ቅጠሉ፣ ጣዕሙ፣ በሽታን መቻሉ ሁሉ ውስጧ ተጠቅልሎ ይጓዛል። የኮምፒውተር ሰዎችም «ዘር» የሚሉት ነገር አላቸው። የእነሱ ዘር ቁጥር ነው። ቁጥሩን ለአንድ ቀመር ሲሰጡት ቀመሩ ሌላ ቁጥር ይወልዳል፣ ያም ሌላውን። ሰንሰለቱ በዘፈቀደ የመጣ ይመስላል፤ ነገር ግን ከዚያው ዘር በተነሱ ቁጥር ምንጊዜም ያው ሰንሰለት ነው የሚወጣው። ስለዚህ ሰንሰለቱን ማስቀመጥ አያስፈልግም፣ ዘሩን መያዝ ይበቃል። በዚህ ቀላል ብልሃት ላይ ባለፉት 40 ዓመታት አንድ ትልቅ የመዝናኛ ገበያ ተገንብቷል፦ ተጫዋቹ መንኮራኩር ይዞ ወደፈለገው ኮከብ የሚሄድበት፣ ማንም «በዚህ ግባ፣ በዚህ ውጣ» የማይለው የሕዋ ጌም። የዚህ ጌም ታሪክ፣ ተስፋውም ውሸቱም፣ ለኢሉባቦር ሰው ከሚመስለው በላይ ቅርብ ነው።

ሕዋ በጌም ታሪክ ውስጥ አዲስ አይደለም። በ1962 አሜሪካ ውስጥ፣ በኤም አይ ቲ፣ ስቲቭ ራስልና ጓደኞቹ «ስፔስዋር» የተባለውን ጨዋታ ሠሩ። ሁለት መንኮራኩሮች በአንዲት ኮከብ ዙሪያ እየዞሩ ይታኮሳሉ። ከጓደኞቹ አንዱ ከጀርባ የሚታየውን ሰማይ ከእውነተኛ የከዋክብት ካርታ ወስዶ ሠራው። ግሩም ሥራ ነበር፤ ግን ያ ሰማይ መጋረጃ ነው። ይታያል እንጂ አይኬድበትም።

መጋረጃው መንገድ የሆነው በመስከረም 1984 ነው። ዴቪድ ብሬበንና ኢያን ቤል የሚባሉ ሁለት የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «ኤሊት» የተባለውን ጌም ይዘው ብቅ አሉ። የተሠራበት ቢቢሲ ማይክሮ የሚባለው ኮምፒውተር የማስታወስ አቅሙ 32 ኪሎባይት ብቻ ነበር። ዛሬ በቴሌግራም የሚላክ አንድ ተራ ፎቶ ከዚህ ይበልጣል። በዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ 8 ጋላክሲ፣ በእያንዳንዱ ጋላክሲ 256 የኮከብ ሥርዓት፣ በድምሩ 2,048 መዳረሻ አስገቡ፤ እያንዳንዱ የራሱ ስም፣ የራሱ የአገዛዝ ዓይነት፣ የራሱ የገበያ ዋጋ አለው። ይህ ሁሉ የትም አልተጻፈም። ጋላክሲው በስድስት ባይት ዘር ተጀምሮ በቀመሩ ይዘረጋል።

እዚህ ላይ የኋላውን ሁሉ የሚያስረዳ አንድ ነገር አለ። ልጆቹ መጀመሪያ ያሰቡት 8 ጋላክሲ አልነበረም። ቀመሩ ከ280 ትሪሊዮን በላይ ጋላክሲ ሊሰጣቸው ይችል ነበር፣ እነሱም ያንኑ ሊያስገቡ ፈልገው ነበር። አሳታሚው ኤኮርንሶፍት ግን እምቢ አለ። ቁጥሩ እንዲህ ከበዛ ተጫዋቹ ፕላኔቶቹ የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን ወዲያው ይነቃል፣ አስማቱም ይፈርሳል የሚል ስጋት ነበር። ስለዚህ ቀነሱ። የቀሩትንም አንድ በአንድ እያዩ መረጡ፤ እንዲያውም ቀመሩ በራሱ ጊዜ ለአንዱ ፕላኔት ጸያፍ ስም ስላወጣለት ያንን ጋላክሲ ከነሙሉ ኮከቦቹ ጥለው ሌላ ዘር ዘሩ። ዘር የሚመርጥ ገበሬ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ ሁሉን አይዘራም።

ሌላ አሳታሚ ደግሞ ቀደም ብሎ ጌሙን መልሶላቸው ነበር። ምክንያቱ ሲታይ አስቂኝ ነው፦ ተጫዋቹ ሦስት ነፍስ የለውም፣ ነጥብ አይቆጠርም፣ በአሥር ደቂቃም አያልቅም። ያን ጊዜ ጌም ማለት ሳንቲም የሚበላ ማሽን ነበር፤ ሳንቲም የሚበላ ማሽን ደግሞ ተጫዋቹ ቶሎ እንዲሞትለት ይፈልጋል። «ኤሊት» ግን መጨረሻ የለውም። ተጫዋቹ ላቭ ከምትባል ፕላኔት ጣቢያ 100 ክሬዲት ይዞ ይነሳል፣ ዛሬ የደረሰበትን በካሴት ይቀዳል፣ ነገ ከዚያው ይቀጥላል። ይህን የሳንቲም ነገር አንባቢ ይያዘው፤ ወደ መቱ ስንመለስ ያስፈልገናል።

በ100 ክሬዲት ምን ይደረጋል? ይነገዳል። የ«ኤሊት» ልቡ ተኩሱ ሳይሆን ገበያው ነው። የእርሻ ፕላኔት ላይ እህል ርካሽ፣ ማሽን ውድ ነው፤ የኢንዱስትሪው ላይ ተገላቢጦሹ። አንዱን ገዝቶ ሌላው ጋ ማድረስ፣ መንገድ ላይ ሽፍታን ማምለጥ፣ በትርፉ የተሻለ መሣሪያ መግዛት፣ ከዚያ ደፍሮ ሕግ ወደሌለበት ሥርዓት መግባት፤ ምክንያቱም ትርፉ ያለው እዚያ ነው።

ይህን ጨዋታ ለጎሬ ነጋዴ ለማስረዳት አምስት ደቂቃ ይበቃ ነበር። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ፣ የወንዝ ዳርቻውም ከ2,000 ሜትር የማያልፍ የንግድ ቦታ እንዲከራዩ ተፈቀደላቸው። የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ በዚህ መነሻ ቆመ። ከዚያ በኋላ ለ50 ዓመት ገደማ የኢሉባቦር ቡና፣ ቆዳና ሰም ከጎሬ በቡሬ በኩል ቁልቁለቱን ወርዶ ጋምቤላ ይገባል፣ ከዚያ በእንፋሎት መርከብ ካርቱም። ሲመለስ ጨውና አቡጀዲድ ይመጣል። በጎሬ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበር፣ ግሪክና ሶሪያዊ ነጋዴም ነበር። አዲስ አበባ በበቅሎ ሳምንታት የምትርቅ ሩቅ አገር በነበረችበት ጊዜ ጎሬ ከካርቱም ጋር ሒሳብ ታወራርድ ነበር።

የዚህን ንግድ እውነተኛ ውበት (ውበት ከተባለ) ያወቀ የጌም ሠሪ ቢኖር በደስታ ይሰርቀው ነበር። ባሮ መርከብ የሚችለው በክረምት ሲሞላ ነው፤ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ። ነገር ግን በክረምት የደጋው መንገድ ጭቃ ነው፣ የጫነ በቅሎ አይወጣበትም። ስለዚህ ነጋዴው ቡናውን በበጋ አውርዶ ጋምቤላ መጋዘን ያስቀምጣል፣ ገንዘቡን አስሮ ወንዙ እስኪሞላ ይጠብቃል። ካርቱም ላይ ያለው ዋጋ እስከዚያ ምን እንደሚሆን አያውቅም። መርከቧ ካመለጠችው ዓመት ይጠብቃል። ቆላ ወርዶ ወባ ከያዘው ደግሞ ላይመለስ ይችላል። ሁለት ሰዓት፣ የወንዙና የመንገዱ፣ አንዱ ሲከፈት ሌላው እየተዘጋ፤ ሰውየው በመካከል። የትኛውም የሕዋ ጌም እንዲህ ያለ ጥሩ ሕግ አላወጣም።

ሌላም መባል ያለበት አለ። «ኤሊት» ከሚያስነግዳቸው 17 ዕቃዎች መካከል የጦር መሣሪያና ባሪያ ይገኙበታል። ሕገወጥ ናቸው፣ ትርፋቸው ግን ትልቅ ነው። ለካምብሪጁ ተማሪ ይህ የጨዋታ ቅመም ነው። ለደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሰው ግን ታሪክ ነው፤ በዚያ አገር የሲራራ መንገድ የዝሆን ጥርስና ጠመንጃ ብቻ ሳይሆን ሰውም ተነድቶበታል። «ሰፊው ዓለም ለደፋር ክፍት ነው» የሚለው የእነዚህ ጌሞች ማባበያ ሁሌም ደፋሩን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ በዚያ ዓለም ውስጥ ዕቃ ሆኖ የተቆጠረውን አያሳይም።

ባዶ ቦታ ላይ ባንዲራ መትከልም እንዲሁ ነው። በሰኔ 1890 ዓ.ም. ተሰማ ናደው (በኋላ ራስ ቢትወደድ) ከጎሬ ያዘመቱት ጦር፣ ሁለት ፈረንሳዮችንና አርታሞኖቭ የተባለውን ሩሲያዊ ኮሎኔል አስከትሎ፣ ሶባት ወንዝ ከነጭ ዓባይ ከሚገናኝበት ቦታ ደረሰ። ባንዲራ ተተከለ። ትኩሳቱ ሠራዊቱን ስለፈጀው መቆየት አልተቻለም፤ ተመለሱ። የፈረንሳዩ ማርሻን ፋሾዳ የደረሰው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው፣ እሱም መስከረም ላይ ኪችነር ከመጣ በኋላ ለቆ ወጣ። በወንዙ ዳርና ዳር የሚኖሩት ሰዎች ግን ቦታውን ማንም እስኪያገኝላቸው አልጠበቁም፤ ለወንዙም ለመሬቱም የራሳቸው ስም ነበራቸው።

ይህ የማግኘትና ስም የማውጣት ጉጉት ነው በነሐሴ 2016 በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ገንዘብ ያስከፈለው። ሄሎ ጌምስ የተባለው ትንሽ የእንግሊዝ ኩባንያ «ኖ ማንስ ስካይ»ን ሲያወጣ የሰጠው ቁጥር 18 ኩንቲሊዮን ፕላኔት ነው፤ በትክክል 18,446,744,073,709,551,616። ቁጥሩ ከየት መጣ? የዘሩ ስፋት ነው። 64 ቢት ያለው ዘር ሊይዝ የሚችለው ቁጥር ይህን ያህል ነው፣ ከዚያ አይበልጥም አያንስም። አንድ ሰው በእያንዳንዱ ፕላኔት አንድ ሰከንድ ብቻ ቢቆይ ሁሉን ለመጨረስ 585 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ተጫዋቹ ቀድሞ ለደረሰበት ፕላኔትና እንስሳ ስም ያወጣል፤ ከሥሩም አግኚው ተብሎ ስሙ ይጻፍለታል።

በ1984 አሳታሚው «አይሆንም» ያለው ነገር በ2016 ዋናው ማስታወቂያ ሆነ ማለት ነው። የተፈራውም ደረሰ። በሦስተኛው ቀን ሰዎች ፕላኔቶቹ ቀለም የቀየሩ ወንድማማቾች መሆናቸውን ነቁ። እንስሳው እግሩ ይለያያል እንጂ የሚያደርገው አንድ ነው። ከሁሉ የከፋው ገና በመጀመሪያው ቀን ነው የሆነው፦ ሁለት ተጫዋቾች በዚያ ሁሉ ሰማይ ውስጥ ተቀጣጥረው አንድ ፕላኔት ላይ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ፤ አንዱ ሌላውን ማየት አልቻለም። ከመውጣቱ በፊት የኩባንያው መሪ ሾን መሪ ተጫዋቾች ሊገናኙ እንደሚችሉ ሲናገር ስለነበር ቁጣው ከባድ ሆነ። ገንዘባችን ይመለስ ያለው ብዙ ነው፤ የብሪታንያ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪም ጉዳዩን መርምሮ ኩባንያውን ነጻ አወጣው። ሾን መሪ ከዚያ በኋላ የሠራው ነገር ግን ሊነገርለት ይገባል። ዝም አለ። መግለጫ አላበዛም፤ ተቀምጦ ሠራ። በ2018 ተጫዋቾች የሚገናኙበትን ትልቅ ማሻሻያ በነጻ አወጣ፣ ከዚያም በየዓመቱ እየጨመረ ዛሬ ብዙዎች የሚያመሰግኑት ጌም ሆነ። ቃሉን አጥፎ ሲያበቃ በዝምታ የሠራ ሰው በየትኛውም ዘርፍ ብርቅ ነው።

ሁሉም ግን እንዲህ አይደለም። በጥቅምት 2012 ክሪስ ሮበርትስ የተባለ ታዋቂ የጌም ሠሪ «ስታር ሲቲዝን» የተባለ የሕዋ ጌም እሠራለሁ፣ በ2014 መጨረሻ አደርሳለሁ ብሎ ከሕዝብ ገንዘብ መሰብሰብ ጀመረ። እስከ ዛሬ ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቧል። ጌሙ እስከ ዛሬ አላለቀም። የሚሞከር ነገር አለ፣ ያምራልም፤ ገና ያልተሠሩ መንኮራኩሮች ግን በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር አስቀድመው ይሸጣሉ።

ይህን ሲሰማ የያዮ ሰው የማይገርመው ለምን ይሆን? ክሪስ ሮበርትስ ገንዘብ መሰብሰብ በጀመረበት በዚያው ዓመት፣ በ2012፣ የያዮ ማዳበሪያ ፋብሪካ ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ተሰጠ። ውሉ ከ10 ቢሊዮን ብር በላይ ነው፤ ከያዮ የድንጋይ ከሰል ማዳበሪያ ይወጣል፣ በጥቂት ዓመት ውስጥም ያልቃል ተባለ። ለፕሮጀክቱ መሬታቸውን የለቀቁ ገበሬዎች አሉ። ገንዘቡ ወጣ፣ የጊዜ ገደቡ እየተገፋ ሄደ፣ በመጨረሻ ሥራው ከሜቴክ እጅ ወጣ፤ ማዳበሪያው ግን አልወጣም። በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ መንግሥት ከዳንጎቴ ጋር የማዳበሪያ ፋብሪካ ውል ሲፈራረም ቦታው ያዮ ሳይሆን የሶማሌ ክልሏ ጎዴ ሆነች። ልዩነታቸው ይህ ነው፦ «ስታር ሲቲዝን» ላይ ገንዘቡን የጣለ ሰው ወዶ ነው የጣለው።

ስለዚህ ሰማይን ማስፋት ቀላል ነው፤ መሙላቱ ነው የሚከብደው። በመስከረም 2023 የወጣውና ከ1,000 በላይ ፕላኔት ያለው «ስታርፊልድ» ይህንኑ አሳይቷል። ሠሪው ቤተስዳ ከዓለም ትላልቅ ስቱዲዮዎች አንዱ ነው፤ ገንዘብ አላጠረውም። ተጫዋቾች ግን ብዙዎቹ ፕላኔቶች ባዶ ናቸው ብለው አጉረመረሙ። ከኩባንያው ኃላፊዎች አንዱ የሰጠው መልስ ጨረቃ ላይ የወረዱት ጠፈርተኞችም ምንም አላገኙም፣ ግን አልሰለቻቸውም የሚል ነው። መልሱ ብልጥ ይመስላል፤ አይደለም። ለጠፈርተኛው ባዶው ጨረቃ ባዶ አልነበረም፤ አንዲት ስህተት ብትሠራ አይመለስም፣ የሚያነሳትን ድንጋይም ማንም አይቷት አያውቅም። ቀመር የወለዳት ድንጋይ ግን አጠገቧ ካለችው በቁጥር ብቻ ነው የምትለየው።

ተቃራኒው ምሳሌ ደግሞ አለ። በ2019 የወጣው «አውተር ዋይልድስ» ያለው በጣት የሚቆጠሩ ትንንሽ ፕላኔቶች ነው፤ አንዱን በእግር ዞሮ ለመጨረስ ደቂቃዎች ይበቃሉ። በየ22 ደቂቃው ፀሐይዋ ትፈነዳለች፣ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ተጫዋቹ ይዞ የሚቀጥለው ያወቀውን ብቻ ነው። መሣሪያ አይገዛም፣ ነጥብ የለም። እያንዳንዷ ድንጋይ በሰው እጅ የተቀመጠችው በምክንያት ነው። በ2020 የብሪታንያ አካዳሚ፣ ባፍታ፣ የዓመቱ ምርጥ ጌም ብሎ ሸለመው።

ሌላው መንገድ ሰማዩን በሰው መሙላት ነው። ከ2003 ጀምሮ ከአይስላንድ የሚመራው «ኢቭ ኦንላይን» ሁሉንም ተጫዋቾች በአንድ ዓለም ውስጥ ያኖራል፤ ገበያው፣ ጥምረቱ፣ ክህደቱ የተጫዋቾቹ ነው። ለጌሙ ኢኮኖሚ ኩባንያው እውነተኛ ኢኮኖሚስት ቀጥሮለታል። በጥር 2014 የተደረገው አንድ ጦርነት 21 ሰዓት የፈጀ ሲሆን የወደሙት መርከቦች በእውነተኛ ገንዘብ ሲገመቱ 300,000 ዶላር ገደማ ነበሩ። በ2012 ቤንጋዚ ላይ የተገደለው አሜሪካዊ የዲፕሎማሲ ሠራተኛ ሾን ስሚዝ በዚህ ጌም ውስጥም የታወቀ ዲፕሎማት ነበር፤ ሲሞት ተጫዋቾች በየጣቢያቸው ስሙን ሰጥተው አዘኑለት። ባዶ ሰማይ እንዲህ አያስለቅስም።

አሁን ወደ መቱና ያዮ እንመለስ። እዚያ ያለ ወጣት ከዚህ ሁሉ የሚደርሰው ምንድን ነው? በአገራችን ከተሞች ጌም የሚጫወተው ወጣት አብዛኛው መሣሪያው የሌላ ሰው ነው፤ የፕሌይስቴሽን ቤት ነው። የፕሌይስቴሽን ቤት ደግሞ ኳስ ነው። ብዙ ሰው ይህን የጣዕም ነገር አድርጎ ያየዋል፤ ልጆቻችን ከኳስ ሌላ አያውቁም ይባላል። ጉዳዩ የሒሳብ ነው። ቤቱ የሚያስከፍለው በጨዋታ ነው፤ አንድ ግጥሚያ ያልቃል፣ የተሸነፈው ይነሳል፣ ወረፋ የያዘው ይቀመጣል። መቶ ሰዓት የሚፈጅ፣ አሸናፊ የሌለው፣ አንዱ ኮከብ ለኮከብ ሲዞር ሌላው ቆሞ የሚያይበት ጌም በምን ይከራያል? በ1984 «ኤሊት»ን የመለሰው አሳታሚ ያሰበው ይህንኑ ነበር። ሳንቲሙ እንግሊዝ ውስጥ የቀረው ኮምፒውተር ቤት ሲገባ ነው፤ ኢሉባቦር ላይ ገና አልቀረም።

ኮምፒውተር ያለውም ቢሆን መንገዱ ጠባብ ነው። «ስታርፊልድ» 125 ጊጋባይት ቦታ ይፈልጋል፤ ያንን በስልክ ዳታ ማውረድ ምን ማለት እንደሆነ የካርድ ዋጋ የሚያውቅ ይመልሰው። ትልልቆቹ የጌም መደብሮች ብር አይቀበሉም። ጌሙ ሲወጣ 70 ዶላር ነበር፤ ዶላር 57 ብር ሳለ 4,000 ብር ገደማ፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ዶላር 100 ብርን ሲያልፍ ከ7,000 በላይ። ኢንተርኔቱም የራሱ ባለቤት አለው። ከሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲዘጋ፣ ሰርቨሩ ለንደን የተቀመጠው «ኢቭ ኦንላይን» ለኢትዮጵያ ተጫዋች ከነሺህ ኮከቦቹ ጠፋ። የ1984ቱ «ኤሊት» ግን አይጠፋም ነበር፤ ሙሉው ካሴቱ ላይ ነው።

የሚያስቆጨው እዚህ ነው። የዘር ብልሃት የተፈለሰፈው ለድሃ መሣሪያ ነው። 2 ጊጋባይት ያለው ርካሽ ስልክ ከዚያ ኮምፒውተር ከ60 ሺህ እጥፍ በላይ ማስታወስ ይችላል፤ ኢንተርኔት ሳይፈልግ፣ ዶላር ሳይጠይቅ ሰፊ ዓለም ሊሸከም ይችላል። አገር ውስጥ ቅኔ ጌምስ የተባለው ኩባንያ ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበትን «ኩኩሉ»ን ሠርቷል፣ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል። ጅምሩ ጥሩ ነው። ነገር ግን የጎሬን ነጋዴ፣ የባሮን ሙላት፣ የቡሬን ቁልቁለት፣ ጋምቤላ መጋዘን ውስጥ የሚጠብቀውን ቡና ጌም ለማድረግ የሚያስፈልገው ከዶሮዋ ብዙ የራቀ አይደለም። ካርታውም ሕጉም አደጋውም ተዘጋጅቶ ተቀምጧል።

የአገሪቱ እውነተኛ የሕዋ ጉዞስ? የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ2004 ተመሠረተ፤ እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች ተተከሉ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና ተወነጨፈች። ያኔ «ዳቦ ሳይኖር ሳተላይት» ያለው ብዙ ነበር። ወቀሳው ሁሉ ትክክል አልነበረም፤ ሳተላይቷ የታሰበችው እርሻን፣ ውኃንና ደንን ለማየት ነው፣ ደን ደግሞ ከላይ ካልታየ ሲመነጠር አይታወቅም።

ግን ከላይ የማይታይ ነገር አለ። የያዮ የቡና ደን በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት ተመዝግቧል፤ 167,021 ሄክታር ነው፣ ከዚህ ውስጥ 27,733ቱ የሰው እጅ እንዳይነካው የተከለለ እምብርት ነው። ከሰማይ ሲታይ የትልልቆቹ ዛፎች አናት ነው፤ አንድ አረንጓዴ። ቡናው ያለው ከሥር ነው፣ በጥላው ውስጥ። የዓለም የአረቢካ ተክል አብዛኛው ከጥቂት ዘሮች በየመን በኩል የተሰራጨ ዘመዳም ነው፤ ልዩነቱ የቀረው በዚህ አረንጓዴ ሥር ነው። የቡና ዘር ደግሞ እንደ ስንዴ ደርቆና ቀዝቅዞ ለዘመናት አይቀመጥም፤ ይሞታል። መጋዘኑ የቆመው ዛፍ ራሱ ነው።

በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ፣ ገበሬው ሲቢዲ የሚለው፣ ኢትዮጵያ ገባ። ቡናው አረንጓዴ ሳለ ፍሬው ይጠቁርና ይረግፋል። ለአንድ ሰብል ለቆመ አገር ይህ ምን እንደነበረ መገመት አይከብድም። የጅማ ተመራማሪዎች ያደረጉት እጅግ ቀላል ነገር ነው፦ ሄዱ። በሽታው ወደበረታበት ማሳና ጫካ እየገቡ፣ ሁሉም በጠቆረበት መካከል ንጹሕ ሆኖ የቆመ ዛፍ ፈለጉ። ያገኙትን ቁጥር ሰጡት፣ ፍሬውን ለቀሙ፣ ችግኞቹ ላይ ሆን ብለው በሽታውን እያሳደሩ ፈተኑ። አብዛኛው ወደቀ። አዲስ አበባ ላይ አብዮቱ በፈነዳበት በዚያው 1974፣ መቱ አካባቢ፣ ቢሻሪ ላይ ከተመረጡት ዛፎች አንዷ መዝገቡ ላይ 110 ተብላ ተጻፈች።